የጤና መድኅናችሁን እንደ ዕድራችሁ ያዙት፦ ለጎጃም አባላት የቀረበ ዝርዝር መመሪያ

የዕድር ሒሳብ ሲሰማ ተቀምጦ ያየ ሰው፣ የጎጃም ገበሬ ስለ ገንዘቡ መጠየቅ አያውቅም ብሎ አይናገርም። ገንዘብ ያዡ «ለድንኳን ገመድ ይህን ያህል ወጣ» ሲል አንዱ ብድግ ይልና «ያለፈው ዓመት ገመድ የት ገባ?» ይላል። ሌላው ደረሰኙን አምጡ ይላል። በአንድ ገመድ የተነሣ ጠላው ሳይቀዳ ግማሽ ቀን ይሄዳል። ያው ሰው ለማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድኅን ከዕድሩ መዋጮ የሚበልጥ ገንዘብ ይከፍልና የአባልነት መታወቂያውን ሣጥን ውስጥ ይቆልፍበታል። ጤና ጣቢያ ሄዶ «መድኃኒቱ የለም» ሲባልም አንገቱን ደፍቶ ይመለሳል። ለምን አልጠየቅህም ቢሉት መልሱ አንድ ነው፦ «የመንግሥት ነገር!»

የመንግሥት ብቻ አይደለም። መንግሥት ይደጉመዋል፣ ያስተዳድረዋል፤ የአባላቱ መዋጮ ካልገባ ግን ቋቱ ባዶ ነው። ነገሩም ለጎጃም እንግዳ አይደለም። መድኅኑ በ2003 ዓ.ም. በአራት ክልሎች በ13 ወረዳዎች ለሙከራ ሲጀመር፣ ከአማራ ክልል ከተመረጡት መካከል አንዱ የእኛው ደቡብ አቸፈር ነበር። ከዚያ ወዲህ መመዝገብን ተምረናል፤ መጠየቅን ግን አልተማርንም። ከዚህ በታች የጻፍኩት በአንድ ቀበሌ ያሉ አባላት ተሰባስበው ሽፋኑ የተሻለ፣ መዋጮውም የሚቻል እንዲሆን እንዴት ድርሻቸውን መወጣት እንደሚችሉ ነው። ዕድር ማስተዳደር የቻለ ሰው ይህን ይችላል።

1. በመጀመሪያ የገዛችሁትን እወቁ

አባልነቱ የቤተሰብ ነው። ባል፣ ሚስትና ዕድሜያቸው 18 ዓመት ያልሞላ ልጆች በአንድ መታወቂያ ይካተታሉ። ከዚያ ውጭ በቤቱ የሚኖር ዘመድ ወይም ዕድሜው ያለፈ ልጅ ተጨማሪ መዋጮ ይጠየቅበታል። ካርድ ክፍል በር ላይ ከሚነሣው ጭቅጭቅ ብዙው መነሻው ይህ ነው፤ ልጁ ዕድሜው እንዳለፈ ማንም ልብ ሳይል ይቆይና በታመመ ቀን «ስሙ የለም» ይባላል። ስለዚህ በምዝገባ ቀን ጸሐፊው የእያንዳንዱን የቤተሰብ አባል ስም ድምፁን ከፍ አድርጎ እንዲያነብላችሁ ጠይቁ። በዓመቱ የተወለደ ሕፃን ካለም እዚያው አስመዝግቡት።

መድኅኑ በጤና ጣቢያና ውል በተገባባቸው ሆስፒታሎች የሚሰጠውን ምርመራ፣ ላቦራቶሪ፣ መድኃኒት፣ ተኝቶ መታከምና ቀዶ ሕክምና ይሸፍናል። መነጽር፣ ሰው ሠራሽ ጥርስ፣ ለውበት የሚደረግ ቀዶ ሕክምና፣ የአካል ክፍል ንቅለ ተከላና በውጭ አገር የሚደረግ ሕክምና አይሸፈኑም። መንገዱም ቅደም ተከተል አለው፤ ከጤና ጣቢያ ሪፈር ተጽፎ ወደ ሆስፒታል ነው። ሪፈር ሳይዝ በቀጥታ ሆስፒታል የሄደ አባል ከወጪው ከፊሉን ከኪሱ ይከፍላል። ድንገተኛ ሲሆን ምን እንደሚደረግ ወረዳችሁ ከሆስፒታሉ ጋር የተዋዋለውን አስቀድማችሁ አስነብቡ፤ ሰው በቃሬዛ ተሸክሞ ደንብ መጠየቅ አይመችም።

አንድ ነገር በተለይ እናቶች ይወቁት። የእርግዝና ክትትል፣ ወሊድ፣ ክትባት፣ የቤተሰብ ዕቅድና የሳንባ ነቀርሳ ሕክምና በመንግሥት ጤና ተቋም ለአባልም አባል ላልሆነም ያለ ክፍያ የሚሰጡ ናቸው። «መታወቂያሽ አልታደሰምና ለወሊድ ክፈዪ» የተባለች ሴት ካለች ጉዳዩ ወዲያውኑ የሚጠየቅ እንጂ የሚታለፍ አይደለም።

ከዚህ ደረጃ የሚጠበቀው ሥራ አንድ ነው፤ የአባልነት ደንቡና ውል የተገባባቸው ተቋማት ዝርዝር በቀበሌ ስብሰባ ላይ እንዲነበብ ማድረግና አንድ ቅጂ መያዝ። የቀበሌያችሁ ሰው የሚቀርበው የጎረቤት ወረዳ ጤና ጣቢያ ከሆነ ዝርዝሩ ውስጥ መኖር አለመኖሩን ተመልከቱ። ከሌለ የመጀመሪያ ጥያቄያችሁን አገኛችሁ ማለት ነው፤ ወረዳው ከዚያ ጤና ጣቢያ ጋር ውል እንዲገባ መጠየቅ ትችላላችሁ።

2. ቅሬታውን ከአፍ ወደ ደብተር አውርዱት

ከዚህ መመሪያ አንድ ነገር ብቻ ይዛችሁ የምትሄዱ ከሆነ ይህን ያዙ። ለምን እንደምል ከቤቴ የደረሰውን ልንገራችሁ።

አክስቴ የደም ግፊት አለባት። በአንድ ጤና ጣቢያ በተከታታይ ሦስት ወር «መድኃኒቱ የለም» ተባለች። እኛም ሦስቱንም ጊዜ ከግል መድኃኒት ቤት እየገዛን፣ ቤት ገብተን እየተራገምን ተቀመጥን። በአራተኛው ወር አንድ ትዕግሥተኛ ፋርማሲስት አገኘሁና «ወንድሜ፣ ይህ መድኃኒት ለምን አይመጣም?» አልኩት። መዝገቡን ገልጦ አሳየኝ። ጤና ጣቢያ መድኃኒት የሚያዝዘው ባለፉት ወራት ስንት እንደ ወጣ አይቶ ነው። መድኃኒቱ ከመደርደሪያ ከጠፋ የወጣው ዜሮ ይሆናል፤ «የለም» ተብሎ የተመለሰውን ሰው ካልጻፉት ደግሞ ፈላጊ የሌለ ይመስላል። አክስቴ ሦስት ጊዜ ተመልሳ በወረቀት ላይ አንድም ጊዜ አልመጣችም! የእኛ ዝምታ የሚቀጥለውን ትእዛዝ አሳነሰው። «ዝም አይነቅዝም» የሚለው ተረት ለሌላ ነገር ይሠራ ይሆናል፤ መድኃኒት ቤት ውስጥ ግን ዝምታ እንደ ጎተራ እህል ይነቅዛል።

ስለዚህ አንድ ባለ መስመር ደብተር ግዙ። በየገጹ ስድስት ዓምድ አስምሩ፦ ቀን፣ የጤና ተቋሙ ስም፣ የተፈለገው አገልግሎት ወይም መድኃኒት፣ የተሰጠው መልስ፣ ሰውየው ከኪሱ ያወጣው ገንዘብ፣ ደረሰኝ መኖር አለመኖሩ። «ሕክምናው ጥሩ አይደለም» ብላችሁ አትጻፉ። «ታኅሣሥ 7፣ የስኳር መድኃኒት፣ የለም ተባለ፣ ከውጭ ተገዛ፣ ደረሰኝ አለ» ብላችሁ ጻፉ። የመጀመሪያውን ማንም ኃላፊ «እናሻሽላለን» ብሎ ያልፈዋል፤ ሁለተኛው መልስ ይፈልጋል።

የታማሚው ስም ግን በደብተሩ ውስጥ አይግባ። ቁጥር ስጡት። ሰው ሊሰማበት የማይፈልገው ሕመም ከሆነ የሕመሙንም ስም ተዉት፤ «የዘወትር መድኃኒት» ማለት ይበቃል። ምሥጢር ያወጣ ደብተር ሁለተኛ አይሞላም።

መድኃኒት ስትቀበሉ ዓይነቱን፣ ብዛቱንና ዋጋውን የያዘ ደረሰኝ መጠየቅ ልመዱ። ይህ አሠራር ለእኛ አገር አዲስ አይደለም። የመድኃኒት ግብይት ከግዢ እስከ ታካሚው እጅ ድረስ ኦዲት እንዲደረግ የሚያስችለው ሥርዓት ቀድሞ ከተጀመረባቸው ተቋማት አንዱ የደብረ ማርቆስ ሆስፒታል ነው፤ ከጎጃም ወጥቶ ነው ወደ ሌላው የተስፋፋው። መድኃኒቱ ጠፍቶ ከውጭ ስትገዙም የሐኪም ማዘዣው ላይ «የለም» ተብሎ እንዲፈረምና ማኅተም እንዲደረግበት ጠይቁ። ወረዳችሁ ገንዘቡን የሚመልስ ከሆነ ማስረጃችሁ ይህ ነው፤ ባይመልስም ለደብተሩ ይጠቅማል።

3. ጥቂት ሰዎችን ሰብስቡ፣ ተናጋሪውን ብቻ ግን አትምረጡ

ሰባት ወይም ስምንት ሰው ይበቃል። በስብሰባ ሁሉ እጁን የሚያነሣውን አንድ ሰው አስገቡ፤ ሁለት ካስገባችሁ ግን እርስ በርስ ሲከራከሩ ይመሽባችኋል። ከዚያ ይልቅ ጤና ጣቢያውን በትክክል የሚያውቁትን ፈልጉ፦ ትንሽ ልጅ ያላት እናት፣ በየወሩ መድኃኒት የሚወስድ የስኳር ወይም የግፊት ታማሚ፣ መዋጮው በመንግሥት የሚከፈልለት አባል፣ አምና አባል የነበረና ዘንድሮ የተወ ሰው። የተወው ሰው ከሁሉም በላይ ይጠቅማችኋል፤ የመድኅኑን ስንጥቅ እሱ አይቶታል። ደብተሩን ደግሞ እጁ የሚነበብ ወጣት ይያዝ።

ሴቶችን ለብቻቸው ሰብስቡ ስል ለማስዋብ አይደለም። ወንዶች ባሉበት «ምን ችግር አለ?» ተብለው ሲጠየቁ «ደህና ነው» ብለው ያልፋሉ። ለብቻቸው ሲሆኑ ግን ባል ገበያ ሲሄድ የሣጥኑን ቁልፍ ይዞ ስለሚሄድ መታወቂያው እንደማይገኝ፣ ልጁም በዚያ ቀን ሳይታከም እንደሚያድር ይናገራሉ። ይህ ለወረዳ የሚቀርብ አቤቱታ አይደለም፤ መታወቂያው ከሣጥን ወጥቶ ግድግዳ ላይ ቢንጠለጠል ያልቃል። ካልተጠየቁ ግን ማን ያውቀዋል?

የስብሰባውን ቀን የገበያ ቀን አታድርጉት፤ በአጨዳና በውቂያ ወራትም ሰው አይመጣም። ቦታው ቤተ ክርስቲያን ግቢ ብቻ ከሆነ ሙስሊም ጎረቤቶቻችሁ ይቀራሉ። ትምህርት ቤት ወይም ጤና ኬላ ይሻላል። መንገድ በሚዘጋበት፣ ስልክ በማይሠራበት ሳምንት ደግሞ ስብሰባውን አትግፉት፤ በየጎጡ ሁለት ሁለት ሰው ተነጋግሮ ማስታወሻውን ወደ ደብተሩ ያዥ ይላክ።

4. የትኛው በር የማንን ጉዳይ እንደሚመልስ እወቁ

አብዛኛው ድካማችን የሚባክነው የተሳሳተ በር በማንኳኳት ነው። የካርድ ክፍል ሠራተኛዋን ስለ መዋጮው መጠን ብትጮኹባት ምንም ልታደርግላችሁ አትችልም።

ምዝገባ፣ የስም ስህተት፣ የመታወቂያ ፎቶግራፍ የቀበሌ ጉዳይ ነው። የወረፋ ርዝመት፣ የሠራተኛ አቀባበል፣ ንጽሕና፣ በመደርደሪያ ላይ ያለ መድኃኒት የጤና ጣቢያው ኃላፊ ጉዳይ ነው። ከኃላፊው በላይ ደግሞ ብዙ ሰው የማያውቀው የጤና ጣቢያው የሥራ አመራር ቦርድ አለ። ጤና ጣቢያ ከታካሚና ከመድኅን የሚያገኘውን ገቢ ለራሱ ይዞ ለመድኃኒትና ለአገልግሎት ማሻሻያ እንዲያውል ይፈቀድለታል፤ በምን ላይ እንደሚውል የሚያጸድቀው ቦርዱ ነው። በቦርዱ ውስጥ የማኅበረሰብ ተወካይ ወንበር አለ። ተወካያችሁ ማን እንደሆነ ዛሬ ጠይቁ። ስሙን የሚያውቅ ከጠፋ፣ ወይም ተወካዩ ራሱ መወከሉን ካላወቀ (ይህም ይኖራል)፣ በሚቀጥለው የቀበሌ ስብሰባ በስም እንዲመረጥ አጀንዳ አስይዙ።

ከተቋማት ጋር ውል መግባት፣ ለተቋማቱ ክፍያ መፈጸም፣ የዓመቱን ሒሳብ ማቅረብ የወረዳው የጤና መድኅን ጽሕፈት ቤት ሥራ ነው። እዚያ የቀበሌዎች ተወካዮች የሚገኙበት ጠቅላላ ጉባኤ አለ። መድኃኒቱ ከወረዳ በላይ ጠፍቶ ከሆነ ደግሞ ጉዳዩ እስከ መንግሥት መድኃኒት አቅራቢ መሥሪያ ቤት የባሕር ዳር ቅርንጫፍ ይደርሳል፤ ያንን በር ማንኳኳት የወረዳው ጤና ጽሕፈት ቤት ድርሻ ነው። የእናንተ ድርሻ ማንኳኳቱን መጠየቅ ነው።

5. ነጥብ ስጡ፣ ከዚያ ፊት ለፊት ተቀመጡ

ጤና ሚኒስቴር ያወጣው የማኅበረሰብ የነጥብ መስጫ ካርድ የሚባል አሠራር አለ። በየሩብ ዓመቱ የተገልጋዮች ተወካዮች ጤና ጣቢያውን በጥቂት መመዘኛዎች ይመዝኑታል፦ የሠራተኛው ርኅራኄና አክብሮት፣ የወረፋ ጊዜ፣ የመድኃኒትና የምርመራ መኖር፣ የተቋሙ ግንባታ፣ ንጽሕናና ደኅንነት፣ የአምቡላንስ አገልግሎት። በብዙ ቦታ ወረቀቱ ተሞልቶ ይላካል፤ ነጥቡን የሰጠው ማን እንደሆነ ግን አይታወቅም። አሠራሩን ከወረቀት አውጥታችሁ ሥራ ላይ ማዋል የእናንተ ፋንታ ነው።

መጀመሪያ ሴቶች፣ ወንዶችና ወጣቶች በየፊናቸው ለእያንዳንዱ መመዘኛ ከ1 እስከ 5 ነጥብ ይስጡ። ማንበብ የማይችሉ ካሉ ባቄላ ወይም ጠጠር ይሰጣቸውና በአምስት ሰፌድ ላይ ያስቀምጡ። ነጥቡ በራሱ ብዙ አይነግራችሁም፤ «ለምን 2 ሰጣችሁ?» ሲባል የሚመጣው መልስ ነው ወርቁ። ሴቶቹ ለወረፋ 1፣ ወንዶቹ 4 ከሰጡ አማካይ አውጥታችሁ ልዩነቱን አታጥፉት። ምናልባት ወንዶቹ ከሰዓት በኋላ፣ ሴቶቹ ጠዋት ስለሚሄዱ ይሆናል፤ ይህን ስታውቁ መፍትሔውም አብሮ ይመጣል።

በሌላ ቀን የጤና ጣቢያው ሠራተኞች ለራሳቸው ነጥብ ይስጡ። ይህን አትዝለሉት። ቧንቧ የሌለው ክፍል ውስጥ የምታዋልድ አዋላጅ ከእናንተ ያላነሰ ቅሬታ አላት፤ ስትሰሟት ከተከሳሽነት ወደ ተባባሪነት ትሻገራለች።

በሦስተኛው ቀን ሁለቱ ወገኖች ይገናኙ። ስብሰባውን የሚመራው የጤና ጣቢያው ሰው ወይም የቀበሌ ሊቀ መንበር ባይሆን ይመረጣል። የዕድር ዳኛ ወይም የማኅበር ሙሴ ይምራው፤ እነዚህ ሰውን ማስቆምም ማስቀመጥም ያውቁበታል። ደብተሩ ይነበብ። ሰው በስም አይከሰስ፤ ክስ ካለ በሌላ ቀን በሌላ በር ይቅረብ። መጨረሻ ላይ ከሦስት የማይበልጡ ነገሮች ተመርጠው በአንድ ወረቀት ይጻፉ፦ ምን ይደረግ፣ ማን ያድርገው፣ እስከ መቼ። አሥር ነገር የተጻፈበት ወረቀት አንዱም እንዳይሠራ የተጻፈ ነው። ከሦስቱ አንዱ የእናንተ የአባላቱ ግዴታ ይሁን። የጤና ጣቢያውን አጥር ማጠር፣ ለተኝቶ ታካሚ ቤተሰብ ማረፊያ ዳስ መጣል በአንድ ቀን ደቦ ያልቃል። ወረቀቱ ተፈርሞ ካርድ ክፍል ግድግዳ ላይ ይለጠፍ።

6. የገንዘቡን መንገድ ተከተሉ

መዋጮው ለምን ይጨምራል ብሎ ማማረር ቀላል ነው፤ ሒሳቡን ሳያዩ መከራከር ግን እንደ ጨለማ ዱላ ነው። በዓመት አንድ ጊዜ ወረዳው አምስት ቁጥር በቀበሌያችሁ እንዲያነብ በጽሑፍ ጠይቁ፦ ስንት አባወራና እማወራ ተመዘገበ፣ ከእነሱ ስንቱ መዋጯቸው በመንግሥት የሚከፈልላቸው ናቸው፣ ምን ያህል ተሰበሰበ፣ ለጤና ተቋማት ምን ያህል ተከፈለ፣ ስንት ያልተከፈለ ዕዳ ቀረ።

አምስተኛውን በተለይ አድምጡ። ጤና ጣቢያው እናንተን ያለ ክፍያ ካከመ በኋላ ሒሳቡን ለወረዳው ያቀርባል። ወረዳው ሲያዘገይበት መድኃኒት መግዣ ያጣል፤ መድኃኒት ሲጠፋ አባል ይኮርፋል፤ በሚቀጥለው ዓመት ጤነኛው ሳይመዘገብ ይቀርና ታማሚው ብቻ ይቀራል። ያኔ ወጪው ከገቢው ይበልጣል፣ መዋጮውም ይጨምራል። ለማስረዳት ያህል፣ በአንድ ቀበሌ 400 ቤተሰብ አባል ቢሆንና በዓመቱ 100 ቤተሰብ ቢታከም የአንዱን ወጪ አራት ቤተሰብ ይካፈለዋል። ካልታመሙት 200 ቢወጡ ያው ወጪ በሁለት ትከሻ ላይ ይወድቃል። ስለዚህ «እኔ አልታመምኩም፣ ገንዘቤ በከንቱ ሄደ» ለሚለው ጎረቤታችሁ የዕድሩን ነገር አስታውሱት፤ በዓመቱ ቀብር ስላልነበረን መዋጯችንን መልሱልን ያለ ሰው አልሰማንም።

መዋጮ ሊጨምር ነው ሲባል የምትጠይቁት ጥያቄ «ለምን?» ብቻ አይሁን። ጭማሪው ከየትኛው ወጪ መጣ? የቤተሰብ ብዛትና አቅም ተለይቶ ደረጃ ሊወጣለት ይችላል? የክፍያው ጊዜ እህል ከተሸጠ በኋላ ሊሆን ይችላል? የመጨረሻው ትንሽ ይመስላል፤ ነገር ግን በሰኔ መቶ ብር የሌለው ገበሬ በጥር ሊኖረው ይችላል። ጤፍ አብቃዩ፣ ድንች አብቃዩና በርበሬ አብቃዩ እጃቸው ላይ ገንዘብ የሚገባበት ወር ይለያያል፤ ይህን ከቢሮ ይልቅ እናንተ ታውቁታላችሁ።

7. መክፈል የማይችለውን አትርሱ

መክፈል ለማይችሉ የድሃ ድሃ ቤተሰቦች መዋጮውን ክልሉና ወረዳው ይሸፍኑላቸዋል። ቁጥራቸው የተወሰነ ስለሆነ ምርጫው ላይ ዐይን ያስፈልጋል። ዝርዝሩ ከመጽደቁ በፊት በአደባባይ እንዲነበብ ጠይቁ፤ ከዚያ የዕድር ጸሐፊዎች ከራሳቸው መዝገብ ጋር ያስተያዩት። የዕድር መዋጮ መክፈል አቅቷት መዋጮው የቀረላት መበለት ዝርዝሩ ውስጥ ከሌለች፣ ሁለት ጥማድ በሬ ያለው ሰው ካለ፣ ያኔ ተናገሩ። ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል እንደሚባለው ነው። ዕድሩ አቅም ካለው ዝርዝሩ ላይ ቦታ ላጣ አንድ ሁለት ቤተሰብ መዋጮውን ቢችል ከለቅሶ ወጪ የሚቀንስ እንጂ የሚጨምር አይሆንም።

8. በዕድሳት ወቅት ደብተሩን ይዛችሁ ዙሩ

የምዝገባው ጊዜ ከመዘጋቱ ቢያንስ አንድ ወር ቀደም ብላችሁ የመዝጊያውን ቀን ከቀበሌ አረጋግጡ። ቤት ለቤት ስትሄዱ «መድኅን ጥሩ ነው» አትበሉ፤ ይህን በድምፅ ማጉያ ሰምቶት ሰልችቶታል። «አምና የግፊት መድኃኒት አምስት ጊዜ ጠፍቶ ነበር፣ ከስብሰባው በኋላ አንድ ጊዜ ብቻ ጠፋ» በሉት። ያልተሻሻለውንም አትደብቁት፤ በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም፣ ለመድኅኑም ያው ነው። ገንዘብ በእጃችሁ አትቀበሉ። ከፋዩ ራሱ ከተመደበው ሰው ደረሰኝ ይቀበል፤ በበጎ ፈቃደኛ እጅ ያለፈ ብር ሐሜት ይወልዳል፣ ሐሜቱም ደብተሩን ይገድለዋል።

በየዓመቱ ከኮሚቴው ግማሹ ይቀየር። የሚወጣው ሰው ደብተሩን፣ የተፈረሙትን ወረቀቶችና የደረሰኝ ቅጂዎችን ለሚተካው በሁለት ምስክር ፊት ቆጥሮ ያስረክብ። አዲሱ ደብተር የመጀመሪያ ገጽ ላይ ካለፈው ዓመት ሦስት ነገሮች ያልተፈጸመው ይገልበጥ፤ የመጀመሪያው ስብሰባ የሚጀመረው ከእሱ ነው።